ገመዱን ወገባችሁ ላይ አትጠምጥሙ

ይህ ነገር የደረሰው በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የግንቦት ወር መጨረሻ፣ ወረታ አጠገብ በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ዓመቱን በትክክል መጥቀስ እችል ይሆናል፤ ነገር ግን ስለዚያ ቀን «አውቃለሁ» ካልኳቸው ነገሮች ብዙዎቹ ቆይተው ስለከዱኝ በቁጥርም መድፈር አልወድም። ከአእምሮዬ ያልወጣበት ምክንያት ግን አንድ ነው። በዚያ ቀን አንድ ሰው ዳሌው ተሰብሯል፤ እኔም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አራት ቃላት ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ በዓይን ሕመም ምክንያት ትምህርቴን ለአንድ ዓመት አቋርጬ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አንበሳሜ ስለሆነ እዚያው ከቤተሰቦቼ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወረታ አካባቢ ድልድይ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሄድኩ፤ ተቀበሉኝ። ሥራዬ የውጭ አገሩ መሐንዲስ የሚለውን ለሠራተኛው፣ ሠራተኛው የሚለውን ለመሐንዲሱ ማድረስ ነበር። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ድልድዩ የሚሠራው ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጣና በሚወርድ አንድ ወንዝ ላይ ነው። የድንጋይ ምሶሶዎቹ ቆመዋል፤ የቀረው በላያቸው የሚጋደሙትን አምስት ረጃጅም የብረት ወራጆች ማሳረፍ ነበር። ችግሩ ወራጆቹ ያሉት ወንዙ ዳር አለመሆኑ ነው። ያመጧቸው ከባድ መኪናዎች ጠጠር የለበሰው መንገድ ሲያልቅባቸው አንዲት ጉብታ ላይ አራግፈዋቸው ተመልሰዋል። ከጉብታዋ እስከ ወንዙ አምስት መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ ያ አምስት መቶ እርምጃ ግን ዋልካ ነው። የፎገራ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማን ከእግር አውልቆ የሚያስቀር ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ይሆናል። ወራጆቹ ከዚያ በፊት ካልተሻገሩ ምሶሶዎቹ ራቁታቸውን ጎርፍ ፊት ሊከርሙ ነው።

በቦታው የነበረው ክሬን አንድ ብቻ ነበር። እንደ ትራክተር በብረት ሰንሰለት እግር የሚሄድ፣ ከፊቱ ረጅም የብረት አንገት የተተከለበት መሣሪያ ነው። ባላገሩ «አንገታሟ» ይላት ነበር። ነጂዋ ዘውገ ይባላል፤ ከሸዋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ስለ መሣሪያዋ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፦ «ይቺ ስታነሣ አትሄድም፤ ስትሄድ አታነሣም።»

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ክሬን የተሠራው አንድ ቦታ ተተክሎ እንዲያነሣና እንዲያሳርፍ ነው። ሸክሙ ተንጠልጥሎ ሳለ መሬቱ ትንሽ ከከዳው፣ ሸክሙ አንገቱን ይስበዋል፤ አንገቱም መላ አካሉን ይገለብጠዋል።

መሐንዲሱ ግን ሁለቱንም እንድታደርግ ቆረጠ። ከኋላዋ የብረት ሣጥን አስበየደና ድንጋይ ሞላበት፤ ከፊት የሚስባትን ሸክም ከኋላ እንዲመልሰው ነው። አንገቷ ወደ ጎን እንዳይዞር አሳሰረው። ወራጁን ከጉልበት ከፍታ በላይ እንዳታነሣው አዘዘ። ከእግሯ ሥር የሚነጠፍ የግንድ ርብራብ አሠራ፤ አሥራ ሁለት ሠራተኞች እሷ ያለፈችበትን ርብራብ ከኋላ እያነሡ ከፊቷ ያነጥፋሉ። እንዲህ እያለች፣ በቀን አንድ ወራጅ ይዛ፣ እንደ እርጉዝ ሴት እየተጠነቀቀች ወንዙ ድረስ ትሄዳለች ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አላማረም። ወራጁ የተንጠለጠለው ከመካከሉ በአንድ የሽቦ ገመድ ስለሆነ፣ ክሬኗ በተራመደች ቁጥር ጫፍና ጫፉ ይወዛወዝ ጀመር። መቶ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ አንደኛው ጫፍ ድንገት ዞረና ለሠራተኛው ውኃ ጭና የቆመችውን አህያ መታት። ድምፅ አላሰማችም። ጎኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ውኃውና ደሟ አብሮ ፈሰሰ። ርብራብ የሚያነጥፉት ሰዎች መጥረቢያቸውንና ግንዳቸውን ጥለው ሸሹ፤ ያን ዕለት የሚመልሳቸው አልተገኘም።

ማታ መሐንዲሱ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሲተክዝ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። በዚህ ሐሳብ እስከ ተከታዩ ሳምንት ድረስ እኮራ ነበር። የፎገራ ሰው ወይፈን በማቅናት የታወቀ ነው። ቀንበር አይቶ የማያውቅ ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠመድ እንደ እብድ ይሆናል፤ እሱን በገመድ ከግራና ከቀኝ ወጥረው ቀጥ አድርገው የሚያስኬዱ ሰዎች አሉ። «ወራጁን ከአራት ማዕዘን በገመድ ቢይዙልን አይወዛወዝም» አልኩት። መሐንዲሱ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና «ነገ አምጣቸው» አለኝ።

ከቁሐር ሚካኤል ስምንት ሰዎች መጡ። አለቃቸው አያ እንየው ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሲናገር ቀስ የሚል ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ሞላም አብሮት ነበር። ሞላ የእኔ እኩያ ይመስለኛል፤ ነገረኛ ነው።

«ኸየት ነህ ተማሪው?» አለኝ ሞላ ገና እንደ ደረሰ።

«ከአንበሳሜ።»

«አዪ! የደራ ሰው ነዋ። በሬያችሁ ኮረብታ ወጥቶ ሲያለከልክ ነው የሚውል። ወይፈን ማቅናትን ማን ነገረህ?»

«ተወው» አለ አያ እንየው፤ ክሬኗን ከላይ እስከ ታች እያየ። «ይቺ ናት ወይፈኗ?»

«ወይፈኑስ የተንጠለጠለው ነው። እሷ ቀንበሩ ናት።»

«እንኪያስ ቀንበሩ ኸወይፈኑ ይከፋል» አለና ሁሉም ሳቁ።

ወይፈን ሲያቀኑ አይቼ ስለማውቅ አንድ ነገር ልግለጽ። አቅኚው ገመዱን በእጁ ብቻ አይዝም። ሁለት ጊዜ ወገቡ ላይ ይጠመጥመውና ተረከዙን መሬት ውስጥ ቀብሮ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ወይፈኑ ቢዘል ሰውየው ሁለት ሦስት እርምጃ ይንሸራተታል እንጂ ገመዱ አያመልጠውም። ይህን ከአባቶቻቸው የተማሩት ነው፤ ገመድ ለቆ ወይፈን ያስመለጠ ሰው በሠርግም በለቅሶም ሲነሣበት ይኖራል። ወይፈን ደግሞ ይደክማል። ሰውየው ከወይፈኑ ጋር የሚወዳደረው ማን ቀድሞ ይደክማል በሚለው ነው። ብረት ግን እንደማይደክም ማናችንም አላሰብንም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በእጃቸው ብቻ ይዘው አሻገሩ። ነፋስ አልነበረም፤ ርብራቡም ደረቅ መሬት ላይ ነበር። በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ወራጁ ሊዞር ባሰበ ቁጥር እየወጠሩ፣ እንደ በሬ «ሃ! ወደዚያ! በለው!» እያሉ ወንዙ ድረስ ወሰዱት። ዘውገ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «እስቲ ስም አውጡለት፤ ቦራ በሉት» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ተነሣ። ያን ዕለት አያ እንየው ገመዱን ወገቡ ላይ ሲጠመጥም አየሁት። መሐንዲሱ ወንዙ ዳር ስለነበር አላየም። እኔ አየሁ፤ አደጋው ግን አልታየኝም። እንዲያውም ደስ ያለኝ ይመስለኛል፤ ያወራሁለት ጥበብ በዓይኔ ፊት ሲሠራ ማየቴ ነው።

በማግሥቱ ነፋሱም በረደ፤ አራተኛውንም እንደ ፊተኞቹ አሻገርን። አምስተኛውና የመጨረሻው ወራጅ ቀረ።

በዋናው ቀን ጠዋት ጉና ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሎ ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። ዘውገ ሞተሩን አስነሣ፤ ወራጁ ከመሬት ተላቀቀ። መሐንዲሱ ከክሬኗ ጎን ቆሞ ነበርና አያ እንየው ገመዱን ሲጠመጥም ተመለከተ። ፊቱ ተለዋወጠ። በሞተሩ ጩኸት መካከል ወደ እኔ ጮኸ፤ በመጀመሪያ የራሱን ወገብ፣ ቀጥሎ ገመዱን አመለከተ፤ ጣቱንም ወዲያና ወዲህ ነቀነቀ። ያለው ግልጽ ነው፦ በእጃቸው ብቻ እንዲይዙ፣ ገመዱን ሰውነታቸው ላይ እንዳይጠመጥሙ ንገራቸው።

ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚሸሸኝ።

አንደኛው ትዝታዬ እንዲህ ይላል። ተጠግቼ «መሐንዲሱ ገመዱን ወገባችሁ ላይ አትጠምጥሙ ይላል» አልኳቸው። አያ እንየው ሳቀና «ወይፈን እጅን ያሸንፋል፤ ወገብን አያሸንፍም። ለጌታህ ንገረው» አለኝ።

ሁለተኛው ትዝታዬ ደግሞ፣ ያ ንግግር የተነገረው ነፋስ የተነሣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ የነገርኳቸው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን «እንዴት ነው የምትይዙት?» የሚል የተማሪ ጥያቄ ነበር ይለኛል። በመጨረሻው ጠዋት ግን «እነዚህ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ትናንት የመጣ ፈረንጅ የአባታቸውን ጥበብ ይንቀፍባቸው?» ብዬ አሰብኩና ዝም አልኩ።

በሁለቱም ውስጥ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። ወደ መሐንዲሱ ዞሬ እጄን አነሣሁለት፤ «ተነግሯቸዋል» የሚል ምልክት ነው። ያን እጄን እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሄድን። ጉና ላይ ሌሊት የዘነበው ውኃ በወንዙ በኩል ሳይሆን ከመሬት በታች የመጣ ይመስል፣ ከላይ ደረቅ የነበረው ዋልካ ከሥሩ ረስርሶ ኖሯል። በግራ በኩል ያለው ርብራብ ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ። ክሬኗ ወደ ግራ አዘነበለች፤ አንገቷ ተከተለ፤ ወራጁ አንገቷን ተከትሎ እንደተለቀቀ በር ወደ ግራ ሄደ።

በቀኝ ያሉት ሰዎች ተሳቡ። ከአያ እንየው ኋላ የነበረው ሞላ ገመዱን በእጁ ብቻ ይዞ ስለነበር መዳፉን ላጠውና ለቀቀ። አያ እንየው ግን ሁለት ጊዜ ጠምጥሞታል። ተረከዙን ሲቀብር አየሁት። መሬቱ እንደ ቅቤ ተቀደደ። ከዚያ በፊቱ ተደፋና በሆዱ እየተጎተተ፣ ዋልካውን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ፣ ወደ ወራጁ ሥር ሄደ። ወራጁ በዚያው ኃይል ተመለሰና ሰውየው ሊነሣ ሲሞክር ዳሌው ላይ መታው። ድምፁን ከሞተሩ በላይ ሰማሁት፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው።

የክሬኗ ጀርባ ከመሬት ተነሣ። ከሣጥኑ ድንጋዩ ይዘረገፍ ጀመር። ርብራብ የሚያነጥፉት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ከአንገቷ ሥር ነበሩ፤ ከፊሎቹ ተንበርክከዋል። በዚህ ጊዜ ዘውገ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ማቆም ሲገባው ነዳት። ርብራቡን ለቆ፣ ወደ ሸክሙ፣ ወደ ወደቀው ሰው አቅጣጫ ነዳት።

ትርጉሙ በደንብ የገባኝ መሐንዲሱ ቆይቶ በእርሳስ ሥሎ ሲያስረዳኝ ነው። ሸክም ወደ ፊት ሲጥልህ መዳኛው ወደ ሸክሙ መሄድ ነው፤ በተጠጋኸው መጠን የመጣል ጉልበቱ ይቀንሳል። ክሬኗ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዷ ገብታ ተተከለች። ያ መስመጧ ከመገልበጥ አዳናት፤ አሥራ ሁለቱንም ሰዎች አዳነ። የወራጁ ጫፍ ግን ከአያ እንየው ራስ አንድ ክንድ ርቆ መሬት ላይ ወደቀና ቀስ እያለ ይሰምጥ ጀመር። ገመዱ ከሥሩ ነው። ወራጁ በሰመጠ ቁጥር ወገቡን ያጠብቅበታል። አያ እንየው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጩኸት ግን የለውም፤ አየር አጥቷል።

ሞላ ከአንዱ ግንድ ፈላጭ እጅ መጥረቢያ ነጥቆ ሮጠ። በደም የራሰ መዳፉ እጀታው ላይ እየተንሸራተተበት ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ገመዱን በጠሰው። አያ እንየው ከሰመጠበት ውኃ እንደ ወጣ ሰው ተነፈሰና ጮኸ።

ከዚያ ሞላ ዞረ። መጥረቢያውን እንደያዘ ወደ ክሬኗ ሄደ።

«ሊደፈጥጠው ነው የነዳት! ወድቆ እያየው ነዳበት!»

ሁሉም ያዩት ይህንኑ ነው። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ዘውገን ከወንበሩ በእግሩ ጎትተው አወረዱት። ምላሱ የማያርፈው ሰው አንዲት ቃል አላወጣም። የመጀመሪያው ሽመል ጆሮው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው አፉ ላይ። ጥርሱን ከደሙ ጋር ሲተፋ አየሁ። ግንድ ሲያነጥፉ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ያተረፈላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይመቱት ነበር። ከመንደሩ ጩኸት ሰምተው የመጡም ደረሱ፤ አንደኛው ምንሽር ይዟል፤ ጥይት ሲያጎርስ የብረቱ ድምፅ ተሰማኝ። መሐንዲሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ወደ ሸክሙ የሄደው ሊያድን ነው! ንገራቸው!» እያለ ይጮኽብኝ ነበር። መካከላችን ያለው ቋንቋ የእኔ ብቻ ነበር።

ምን ልበላቸው? «ወደ ሸክም መሄድ ከመውደቅ ያድናል» ልበል? ወንድሙ እግሩ ሥር እየጮኸ ላለ ሰው፣ መጥረቢያ ለያዘ ሰው፣ ስለ ሚዛን ትምህርት ልስጥ? አጠር ያለ ነገር ያስፈልግ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ዘውገን ተዉት! መሐንዲሱ ገመዱን ወገባቸው ላይ እንዳይጠመጥሙ ንገራቸው ብሎኝ ነበር። አልነገርኳችሁም! እኔ ነኝ የዋጥኩት!»

ሞላ ከዘውገ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«አውቀኸው ነው ዝም ያልክ?»

«አውቄው ነው።»

መጥረቢያውን አዞረው። በስለቱ ሳይሆን በጀርባው መሆኑን አይቻለሁ፤ ይህን አልጠራጠርም። ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲለያይ ተሰማኝ። ተንበረከክሁ። ከዚያ ሽመሉ ከየት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፊቴን ዋልካው ውስጥ ቀብሬ ራሴን በአንድ እጄ ለመሸፈን ስሞክር የአፈሩ ጣዕም አፌን ሞላው።

ያስቆማቸው ራሱ አያ እንየው ነው። ከወደቀበት ሆኖ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣

«ሞላ! ተው አልኩህ! ልጁን ገድላችሁ ሁላችሁ ጫካ ልትገቡ ነው? እኔን ማን ይሸከመኛል?» አለ።

ይህን ሲሰሙ ሽመሉ ቀስ በቀስ ወረደ። ርብራብ ከሚሆኑት ግንዶች ሁለቱን አንሥተው ጋቢ ጠምጥመው ቃሬዛ ሠሩ።

ሦስታችንንም በአንድ መኪና ጭነው ሐኪም ወዳለበት ወሰዱን። አያ እንየው ቃሬዛው ላይ ተጋድሞ የሚካኤልን ስም ይጠራል። እኔ ከወዲህ ነኝ። ዘውገ በሁለታችን መካከል ተቀምጦ ጋቢ አፉ ላይ ይዟል። መንገዱ ላይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ ጥርሱ በረገፈ አፉ፣

«ምነው ዋሸህ? ስትነግራቸው እኮ ሰምቼሃለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ እንደ መድኃኒት ነበር የተሰማኝ። ቆይቼ ግን ማሰብ አልተውኩም። ዘውገ ክሬኗ ላይ ነበር፤ ሞተሩ ከጆሮው ሥር ነው። መሐንዲሱ እንኳ እጁን እያወዛወዘ ነው ያናገረኝ። ታዲያ ዘውገ እንዴት ይሰማኛል? ሕይወቱን ስላተረፍኩለት ንጹሕ ሊያደርገኝ ፈልጎ ይሆናል። ወይም ደግሞ አፌ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይሆናል። የተንቀሳቀሰው አፌ ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም።

እኔም ያን ጩኸት ከመጮሄ በፊት ምን አውቅ እንደነበር መልሼ ማግኘት አቃተኝ። እውነት ከነበረ ተናዝዣለሁ። ውሸት ከነበረ ሰው ለማዳን ዋሽቻለሁ። ነገር ግን በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ፍርሃት የተነገረ ቃል ከሥሩ የነበረውን ትዝታ ሁሉ ደመሰሰው። «አልነገርኳችሁም» ስል የነበረውን ድምፄን በደንብ እሰማዋለሁ፤ «አትጠምጥሙ» ያልኩበትን ድምፅ ግን ልሰማው ስሞክር አንዳንዴ አለ፤ አንዳንዴ የለም።

ክረምቱ በሦስተኛው ቀን ገባ። ክሬኗ እዚያው እንደ ተተከለች ሜዳው በውኃ ተሞላ፤ አንገቷ ብቻ ወጥቶ ወፍ ሲያርፍበት ከረመ አሉ። አምስተኛው ወራጅ የተሻገረው በሚቀጥለው በጋ ነው፤ እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ተመርቄ ሥራ ይዤ ሳለሁ፣ በዚያው ድልድይ ላይ አልፌ ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄድኩ። አያ እንየው ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ መጫኛ ይፈትላል። አንድ እግሩ አጥሯል፤ ሁለት ምርኩዝ ከጎኑ ተጋድሟል። ወይፈን ማቅናት ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው። የሁለታቸውንም ማሳ የሚያርሰው ሞላ ነው አለኝ።

አወቀኝ። ሳመኝ። የተመታውን ትከሻዬን ዳሰሰና «ይነሣብሃል?» አለኝ።

«ዝናብ ሲመጣ።»

«የኔም ዝናብ ሲመጣ ነው» አለና ሳቀ።

ሞላ ከእርሻ መጣ። ሲያየኝ ቆመ፤ ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠኝ። መዳፉ ላይ የገመዱ ጠባሳ አለ። ሽምብራ ቆልተው አቀረቡልን፤ ጠላም ተቀዳ። ስለ ከብት፣ ስለ ጎርፍ አወራን። ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ አነሣሁ።

«አያ እንየው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ጠዋት፣ ሥራ ስንጀምር፣ ገመዱን ወገባችሁ ላይ አትጠምጥሙ ብያችሁ ነበር? ወይስ አላልኩም? እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምም፤ አልደሰትም።»

አያ እንየው መፍተሉን አቆመ። ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሞላ ቀደመው።

«አትመልስለት!»

ሁለታችንም ዞርን።

«አንተ ተማሪው፣» አለኝ። «አልነገርኳችሁም ብለህ በአፍህ ነገርኸኛል። እኔም በዚያ መታሁህ። ለንስሐ አባቴም ‹ወንድሜን ሊያስገድልብኝ በነበረ ሰው ላይ እጄን አነሣሁ፤ ጥፋተኛ ነበር› ብዬ ነገርኳቸው፤ ቀኖናዬንም ፈጸምኩ። አሁን መጥተህ ‹ነግሬያቸው ነበር› ልትል ነው? ነግረኸን ከነበረ፣ ይሄ ወንድሜ ሰምቶ ነው የጠመጠመው። ያ ነጂውም፣ ቆይተው እንደ ነገሩን፣ ሊያድን ነው የነዳው። አንተም ንጹሕ ነህ። እንኪያስ እኔ ሁለት ንጹሕ ሰው ነው የሰበርኩት። ይሄን ይዤ የት ልግባ?»

አያ እንየው ወንድሙን አየ፤ እኔን አየ። የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። ምን እንደሚያውቅ ግን ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። የመጫኛውን ጫፍ አንሥቶ መፍተሉን ቀጠለ።

«ጠላው ይቀዳለት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አያ እንየውም ሞላም አሁን በሕይወት የሉም፤ ስለ ዘውገ የሰማሁት ነገር የለም። የተማርኩት ትምህርት እውነትን መፈለግ ሁልጊዜ ደግ ነገር እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ሞላ ፊት ተቀምጬ ግን እውነቱ ለእኔ ቢገኝ የሚከፍለው እሱ እንደሆነ አየሁ፤ ይከፍል እንደሆነ አስቀድሜ አልጠየቅሁትም ነበር፤ እሱም ዕዳውን ሊቀበል ዝግጁ አልነበረም።

ዛሬ ትከሻዬ ሲያመኝ አንዳንድ ቀን «ይገባሃል» እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ምንም ሳላጠፋ» እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ይቀልለኛል። ይህ መቅለሉ ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ቤተሰቦቼ «ትከሻህን ምን ሆነህ ነው?» ሲሉኝ፣ አንድ ሰው ማስጠንቀቅ ሲገባኝ ዝም ብዬ ነው እላቸዋለሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሞላን ግን ንጹሕ ሰው መታ አያሰኘውም።